የፈረቃ ርክክብ፦ ፌራሪ ሆስፒታል ምን ይሠራል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ርክክብ ነው። አዎ፣ ርክክብ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ በሽተኞቿን ለቀን ተረኛዋ አስረክባ የምትወጣባት ያቺ አጭር ጊዜ። አሰልቺ መሰለ? ቆዩኝ፣ ፌራሪ አለበት።

ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል አለ። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ርክክቡ ይተራመስ ነበር። አንዱ ገመድ ይነቅላል፣ አንዱ መሣሪያ ይገፋል፣ ሁሉም ያወራል፤ የሚሰማ የለም። ሐኪሞቹ ታዲያ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም ያያሉ። መኪናው ጎማ ሊቀይር ገባ፣ ቆመ፣ ሰው ወረረው፣ ጎማ ወለቀ፣ ጎማ ገባ፣ ሄደ! ጫጫታ የለም። ልድገመው? ጫጫታ የለም! ጎማ የሚፈታው ጎማውን ይፈታል፤ «ሂድ» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሄደው የፌራሪን የእሽቅድምድም ቡድን አማከሩ። መሪው ማን እንደሆነ ተለየ፤ መጀመሪያ መሣሪያው ይገጠም፣ ወሬው ከዚያ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናታቸው ላይ በአንድ ርክክብ በአማካይ 5.42 የነበረው የቴክኒክ ስህተት ወደ 3.15 ወርዷል። (እኔ መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት በሦስተኛው ሙከራ ነው። የፌራሪውን ታሪክ ግን ተውልኝ፣ እወደዋለሁ።)

ባለፈው ስለ ርክክብ ሳነሳ ብዙዎቻችሁ «ሁሉም ካርዱ ላይ ተጽፎ የለ? አንብቦ መሥራት ነው፣ ምን ያስወራል?» አላችሁኝ። እሺ፣ እዚህ ላይ እንጣላ።

ፈረቃው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል እንበል። ነርሷ አልጋ 4 ላይ ላለው ሰው ሞርፊን፣ ማለትም ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ ሰጠች። ካርዱ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታወጣ አልጋ 9 ጠራት፤ ሮጠች። ቀጣዩዋ ተረኛ ገባች፣ ካርዱን አነበበች፤ አጥርታ ነው ያነበበችው። ባዶ ነው። ሰውየው አሁንም ያቃስታል። ሁለተኛ መርፌ! ሞርፊን ሲደራረብ ደግሞ ትንፋሽ ያዘገያል። ካርዱ አልዋሸም፤ ወሬው ሳይደርሰው ነው።

ደግሞስ «ቁጥሮቹ ደህና ናቸው፣ ፊቱ ግን አላማረኝም» የሚባለው የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው የሚጻፈው? የትም! በአፍ ነው የሚተላለፈው።

በሉ ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። ኤስባር (SBAR) የሚባል የርክክብ አነጋገር አለ፤ አራት ነጥብ ነው፦ አሁን ምን ሆነ፣ የኋላ ታሪኩ፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ነው። ከዚያ ተረካቢዋ የሰማችውን መልሳ ትናገራለች። ይሄን ካልጨመራችሁ የቀረው ጌጥ ነው ባይ ነኝ። በሐኪሞችም በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ ዘጠኝ ሆስፒታሎች ውስጥ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ሥርዓት ያለው ርክክብ ሲለማመዱ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሷል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቀጠልኩ።

የእኔ ምርጫ አልጋው ሥር ቆሞ መረካከብ ነው። ሁለቱም የመድኃኒት ፓምፑን ቁጥር ያያሉ፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ። በሽተኛው ነቅቶ ከሆነ እሱም አለ። «ግራ እግሩን ተሠርቶ...» ብላ ስትጀምር ከአልጋው ቀና ይላል፦

«ኧረ እኔ ቀኙን ነኝ!»