እሳቱ ለማን ተዘጋጀ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ገሃነም ላወራችሁ ነው።

ልጅ ሆኜ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ሰይጣን በሰንሰለት ታስሯል፤ ዙሪያውን እሳት ነው፤ እሳቱ ውስጥ ሰው ተጨናንቋል። ቅዳሴው ሲቀደስ የእኔ ዓይን እዚያ ነው። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ለብዙ ዓመት እግዚአብሔር ሲባል ቶሎ የሚታየኝ ያ እሳት ነበር።

ካደግኩ በኋላ ማቴዎስ 25ን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እሳቱ ‹ለሰይጣንና ለመላእክቱ› የተዘጋጀ ነው ይላል። ለሰው አይልም! ለሰው የተዘጋጀው መንግሥቱ ነው፣ ያውም ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼ አልፌዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሲኦልና ገሃነምን ስናወራ እንቀላቅላቸዋለን። ሲኦል በብሉይ ኪዳን የሙታን ማደሪያ ነው። ጌታ ወርዶ ነፍሳትን ያወጣው ከዚያ ነው፤ በፋሲካ ‹አግዐዞ ለአዳም›፣ አዳምን ነፃ አወጣው፣ የምንለው ለዚህ ነው። ገሃነም ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ያለው ነው። ስሙ የመጣው ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ካለው ከሄኖም ሸለቆ ነው። ዛሬ ሰው በእግሩ ሊንሸራሸርበት ይችላል። በጥንት ጊዜ ግን እነ ንጉሥ አካዝና ምናሴ ልጆቻቸውን ለጣዖት በእሳት ያሳለፉት እዚያ ነው። ኤርምያስ ምዕራፍ 7 ላይ እግዚአብሔር ስለዚያ ቦታ ሲናገር፣ ይህን እኔ አላዘዝኩም፣ በልቤም አላሰብኩትም ይላል።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም አልኩ። እኔ ልጅ ሆኜ የሳልኩት አምላክ እኮ ልጆቹን የሚያቃጥል አባት ነበር።

እንግዲያው ገሃነም የለም ልበል? አልልም። ደጋግሞ የተናገረው ጌታ ራሱ ነው። የከበደኝ ምንነቱ ነበር። እዚህ ላይ የረዳኝ ማር ይስሐቅ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን የኖረ መነኩሴ ነው፤ ትውልዱ ዛሬ ኳታር ከምንለው አካባቢ ነው፣ ለጥቂት ጊዜም የነነዌ ጳጳስ ነበር። በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም ስለ ምንኩስና ሕይወት ከሚያስተምሩት መጻሕፍት፣ አንዱ ነው። እሱ ሲያስተምር፣ በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል። ኃጢአተኛ ከእግዚአብሔር ፍቅር ተነጥሏል ማለት ስሕተት ነው፤ ያው አንዱ ፍቅር ጻድቁን ደስ ያሰኛል፣ የበደለውን ደግሞ ያሠቃያል።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከመቀነቷ ብር ሰረቅኩ። ስትጠይቀኝ አላየሁም ብዬ ማልኩላት። እንደዋሸሁ አውቃለች። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ማታ እንደ ወትሮው አጠገቧ አስቀምጣ ‹በል ና፣ የኔ ጌታ› ብላ አጎረሰችኝ።

ያን ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። እጇ ግን እንደተዘረጋ ነበር፤ ሁለተኛውን ጠቅልላ ትጠብቀኛለች።