ሞርሳው

እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የቤት ኪራዩን ነገር እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው ይሁን። የሐሙሱ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የሚሚ ወረቀት እንዳላለቀ ታውቃላችሁ። ለሱ ብዬ የድሮው ትምህርት ቤታችን ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ምሳ ወጥታለች። ግቢውን መዞር ጀመርኩ። ባህር ዛፎቹ የሉም። ሰልፍ የምንሰለፍበት ሜዳ ግማሹ ሕንፃ ሆኗል። ከኋላ ግን ወርክሾፑ አለ፤ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ቁልፍ።

እኛ እኮ እዚያ ገብተን አናውቅም። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማው፣ ትምህርቱ በቴሌቪዥን የሚሰጥበት ነገር፣ በመጣበት በ1996 ነው። መምህሩም እንደኛው ስክሪኑን ያያል። ወርክሾፑን በመስኮት ነበር የምናጮልቀው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ «ኮምፕሬሄንሲቭ» ይላል፤ አራት ዓመት ስገባ ስወጣ ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ ቀለሙም ሙያውም በአንድ ግቢ ማለት ነው። ከሒሳቡና ከፊዚክሱ ጎን ታይፕ፣ ባልትና፣ የእንጨትና የብረት ሥራ። የ1986ቱ ፖሊሲ ሲመጣ ሙያው ከአሥረኛ በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። ስሙ በር ላይ ቀረ።

   

ወርክሾፑን ዘበኛው ከፈቱልኝ። ትልቅ ሰው ናቸው። ጠረጴዛዎቹ በመደዳ፣ አቧራው እንዳለ። ሞርሳዎቹ፣ ሥራውን ጠፍረው የሚይዙት ብረቶች፣ ግን ያብረቀርቃሉ። አንዱን ያዝኩና እጀታውን ዞር አደረግኩ። ሽርር ብሎ ተከፈተ። ዘይት ጠጥቷል። ጣቴ ላይ ቀረ፣ ሸተተኝ።

እኔም ምን አልኩ? «አባባ፣ ይሄ እስካሁን ለምን አልተሸጠም?»

ዝም አሉ። እጃቸው ላይ ጨርቅ ነበር፤ ያኔ ነው ያየሁት። ጥቁር፣ ዘይት የነካው ጨርቅ። ለምን እንደያዙት አልጠየቅኩም። ጨርቁን አጠፉት። አንዴ፣ ሁለቴ። ኪሳቸው ከተቱት። እኔ የከፈትኩትን ሞርሳ መልሰው ዘጉት፣ ቀስ ብለው። ከዚያ «ይውጡ፣ ልዝጋ» አሉኝ። ስገባ «ልጄ» ነበር ያሉኝ። ስወጣ አንቱ ሆንኩ።

በክፋት አይደለም ያልኩት። መሰለኝ። ደረቅ ብረት ተደርድሮ ሳይ ቶሎ ዋጋው ነው የመጣልኝ። ግን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርት ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል። ነገ አንድ መምህር ልጆች ይዞ እዚያ ቢገባ ሞርሳው ይሠራል። ማን ብሏቸው ነው ያን ሁሉ ጊዜ... ምናልባት ማንም አላላቸውም። ወይም የሥራቸው አካል ይሆናል፣ እኔ ነኝ ትልቅ ያደረግኩት። አላውቅም።

ደስ ብሎኝም ነበር እኮ። ያ ሽርር ያለው ድምፅ! አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ በመስኮት ያየሁትን ነገር በእጄ...

ማክሰኞ እመለሳለሁ፣ የሚሚ ማህተም ይቀራል። በር ላይ እሳቸው ናቸው የሚሆኑት። ይቅርታ ልበል? ለምኑ ነው የምለው? ወይ ዝም ብዬ አንድ ጣሳ ግሪስ ይዤ... አይ፣ እሱም ደግሞ...