ስለ ዓድዋ ሁሉንም አትጻፉ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለውድድሩ ስለ ዓድዋ እንደምትጽፉ ሰምቻለሁ። «ዓድዋ» ግን ገና ርእሰ ጉዳይ ነው። ርእሰ ጉዳይ ብቻ ይዞ የተነሣ ጸሐፊ ከውጫሌ ውል ይጀምርና አምባላጌን፣ መቀሌን፣ ዓድዋን አዳርሶ ስለ አፍሪካ ነጻነት ሲያትት ወረቀቱ ያልቅበታል። ብዙ ማወቁን እናደንቃለን፤ ምን ሊለን እንደፈለገ ግን አይገባንም።

ማዕከላዊ ሐሳብ ማሰሪያ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጭ ግሥ) ያለው፣ ሰው ሊሟገተው የሚችል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ፦ «በጥር 1888 ዓ.ም. የመቀሌን ምሽግ ያስለቀቀው ከጥይቱ ይልቅ ጥሙ ነው።» እንዲህ ካላችሁ የምሽጉ የውኃ ምንጭ ከቅጥሩ ውጭ እንደነበረ መንገር ግድ ይሆናል። እቴጌ ጣይቱ ውኃው እንዲያዝ መምከራቸውም ይገባል። ከዚያ በፊት ምሽጉን በውጊያ ለመስበር ተሞክሮ ብዙ ወገን አልቆ አለመሳካቱን የምታልፉት ከሆነ ደግሞ ክርክራችሁ አይቆምም፤ ጥይት ያልቻለውን ጥም እንደቻለ የሚያስረዳው ይኸው ነውና። ምሽጉን ይዞ የነበረው የጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ለቆ ሲወጣ ድርሰቱም ወደ ማብቂያው ደርሷል።

የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽስ? የጦርነቱ ዋና መነሻ ነው፤ ምሽጉ በምን ተለቀቀ ለሚለው ግን መልስ የለውም፤ ይቅር። የበለጠ የሚያሳስተው ሌላ ነው። የጣይቱ ስም ከተነሣ ብዕር ወደ ፍል ውኃና ወደ አዲስ አበባ ቆርቋሪነታቸው መሮጥ ይወዳል። ሁለቱም ጋ ውኃ ስላለ የተያያዘ ይመስላል! ከመንገድ የሚያስወጣን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው የምንወደው እውቀት ነው። «ከሦስት ገጽ እንዳያንስ» የሚለው የክፍል ትእዛዝም ሳያባብሰው አልቀረም።

እንግዲህ ቢጋር፣ ማለትም የድርሰታችሁን ንድፍ፣ ስታዘጋጁ ማዕከላዊ ሐሳባችሁን የያዘውን ዓረፍተ ነገር ከላይ ጻፉ፤ ከሥሩ የየአንቀጹን ኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋና ሐሳቡን የያዘውን ዓረፍተ ነገር፣ ብቻ ደርድሩና በተከታታይ አንብቡ። ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ጋር ዝምድና የሌለውን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አውጡት። አንዳንዴ እየጻፋችሁ ሳለ የተሻለ ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ ደስ የሚል ችግር ነው። ያኔ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለውጡና እያንዳንዱን አንቀጽ እንደ አዲስ መርምሩ። ሁለቱን ሐሳቦች አቻችሎ ለማስኬድ መሞከር ግን ዳኞቹንም እናንተንም ያደክማል።

ቢጋር ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ አብረን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።