ሕጉ የሚጸናበት ቀን ይወሰን፤ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራንና ክቡራት ተጋባዥ እንግዶች፣

ጥሪያችንን አክብራችሁ እንኳን በደህና መጣችሁ። በዚህ ዓመት የመራጮች ትምህርት ጽሑፎቻችን ታትመዋል፣ ወጣት አሠልጣኞች ወደ ሥራ ገብተዋል፣ የሒሳብ ምርመራውም በወቅቱ ተጠናቋል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ስለሚገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን እንቅልፍ ወደ ነሳው ጉዳይ በቀጥታ ልግባ፤ እርሱም የምርጫ ሥርዓታችን መቼ ይለወጥ የሚለው ክርክር ነው።

ይለወጥ በሚለው ላይ በመካከላችን ልዩነት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንደሚመረጥ ይደነግጋል፤ ይህም ምን እንደሚያስከትል አይተናል። የአዲስ አበባ 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በ1997 ዓ.ም. በሙሉ ለቅንጅት፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 22ቱ ለኢሕአዴግ ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም የምክር ቤቱ መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የድምፅ አቆጣጠሩ ብቻ ነው አልልም፤ የፖለቲካ ምኅዳሩ ጥበት የታወቀ ነው። ሆኖም ለተሸነፈው የተሰጠ ድምፅ አንድም ወንበር የማያስገኝበት ሥርዓት ጥበቱን አባብሶታል።

መንግሥትም ይህን አምኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ መክፈቻ ላይ የምርጫ ሕጉ የተመጣጣኝ ውክልናን፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር የሚያገኙበትን አሠራር፣ እንዲያካትት እንደሚሻሻል ሲናገሩ ስንቶቻችን ተደስተን ነበር! ፓርቲዎቹ ተደራድረው፣ ከፊሉ ወንበር በአብላጫ ድምፅ፣ ከፊሉ ደግሞ በተመጣጣኝ ውክልና በሚሞላበት በቅይጥ ትይዩ ሥርዓት ተስማሙ። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 የአብላጫ ድምፁን ሥርዓት እንዳለ አስቀጠለው፣ 6ኛው ምርጫም በዚያው ተካሄደ። አሁንም 7ኛው ምርጫ ተቃርቦ ሳለ ጊዜው አይደለም የሚለው መልስ ይሰማል።

እኛንም የከፋፈለን ይኸው ነው። ለምክር ቤቱ ባዘጋጀነው የማሻሻያ ሐሳብ ረቂቅ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ፣ ሕጉ ከመቼ ጀምሮ የጸና እንደሚሆን ሊጻፍበት የሚገባው ቦታ እስከ ዛሬ በነጠብጣብ ብቻ ተሞልቶ ይገኛል። አንዱ ወገን ከ7ኛው ምርጫ በፊት ይሁን አለ፤ ሌላው ከምርጫው በኋላ ይታያል ብሎ ቀን ለመጥቀስ አልፈቀደም።

የመጀመሪያውን ወገን ቁጭት እጋራለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልደግፍም። አንቀጽ 54ን ለማሻሻል የሁለቱ ፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም የሁለት ሦስተኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን በምርጫ ዋዜማ በጥድፊያ መፈጸም ለሥልጣን ባለቤቱ ሕጉን በልኩ የማሰፋት ዕድል ይሰጠዋል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ፕሮቶኮል፣ አብዛኛው የፖለቲካ ተዋናይ ካልተስማማ በቀር በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት የምርጫ ሕግ በመሠረታዊነት እንዳይለወጥ የተስማሙትም ይህንኑ ፈርተው ነው።

ቀን የሌለው ቀጠሮ ግን ከእምቢታ አይለይም። በካናዳ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጀስቲን ትሩዶ የ2015 እ.ኤ.አ. ምርጫ በአብላጫ ድምፅ የሚካሄድ የመጨረሻው እንደሚሆን ቃል ገብተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፓርላማው ልዩ ኮሚቴ ተመጣጣኝ ሥርዓት ለሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ በአብላጫ ሲመክር፣ የገዢው ፓርቲ አባላት የጊዜ ሰሌዳው ጥድፊያ የበዛበት ነው ብለው ተለዩ፤ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሐሳቡን ተወው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ምርጫዎች በአሮጌው ሥርዓት ተካሂደዋል። ኒውዚላንድ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ ሥርዓቷን ወደ ተመጣጣኝ ውክልና ለመለወጥ ወስና፣ አዲሱን በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አዋለችው። በመካከሉ የምርጫ ክልሎች እንደገና ተከለሉ፣ መራጩም ሁለት ድምፅ፣ አንዱን ለዕጩ ሌላውን ለፓርቲ፣ መስጠትን ተማረ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ማሻሻያው በሚቀጥለው ምክር ቤት የመጀመሪያ ዓመት ይቅረብ፣ ከ8ኛው ምርጫ ጀምሮ እንደሚጸናም በሕጉ ውስጥ ይጻፍ።

ይህን ስል ዛሬ በአዳራሹ የሌሉትን አስባለሁ። ማኅበሩን አብረውን ያቆሙ፣ በዚህ ልዩነት የተነሣ መዋጮ መክፈል ያቆሙና ስልክ የማያነሱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ተሸናፊው ወገን በምክር ቤት ወንበር ይኑረው እያልን ስናስተምር፣ እናንተ በአንድ ጉዳይ በድምፅ ስለተበለጣችሁ የራሳችሁን ወንበር ለምን ለቀቃችሁ? ተቃውሟችሁ ያስፈልገን ነበር፤ በቃለ ጉባኤ በስማችሁ ተመዝግቦ ለምክር ቤቱ ከረቂቁ ጋር ሊቀርብ ይችል ነበር። አሁንም አልረፈደም። የምታውቋቸው ሁሉ በምሳ ሰዓት ደውሉላቸው፤ የረቂቁ የመጨረሻ አንቀጽ ከሰዓት በኋላ ለድምፅ ይቀርባል፣ ያልከፈሉትም ቢሆኑ ገብተው ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ሥራ አስፈጻሚው ወስኗል።

ጉባኤው መከፈቱን እያበሰርኩ፣ ዋና ጸሐፊው አጀንዳውን እንዲያነቡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ።