ለሁለት ሦስት ቀን ጉብኝት የት ልረፍ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አጭር የከተማ ጉብኝት ካወራን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። አብዛኛው ደዋይ ከተማውን መርጧል፣ ትኬቱንም ቆርጧል፤ የቸገረው ማረፊያው ነው። የጉዞ አማካሪያችን በአየር ላይ የመለሷቸውንና ሰዓት አጥሮን ያላዳረስናቸውን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሌሊት ወደ ፓሪስ ልሄድ ነው። የመሃል ከተማው ዋጋ አይቀመስም። ወጣ ካለ ሰፈር ግን ሰፋ ያለ ክፍል በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ልያዘው?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና አትያዥው እህቴ። ሦስት ሌሊት ሲባል ሦስት ሙሉ ቀን ይመስላል። ግን የመጀመሪያው ቀን ከአየር ማረፊያ በመምጣትና ክፍል በመረከብ ያልቃል። የመጨረሻው ደግሞ ሻንጣ በመሸከፍ። በእጅሽ የሚቀረው ሁለት ቀን ነው። ሆቴሉ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብሽ ከሆነ፣ በክፍሉ ያተረፍሽውን በጉብኝት ሰዓትሽ እየከፈልሽ ነው። ሌላም አለ። ማረፊያሽ ቅርብ ሲሆን ከሰዓት በኋላ ገብተሽ እግርሽን ዘርጋ አድርገሽ፣ ማታ እንደገና ትወጫለሽ። ሩቅ ከሆነ አንዴ ከገባሽ ገባሽ ነው። የፓሪስን ምሽት ሳታዪው ትመለሻለሽ፤ ይሄ ደግሞ ያንገበግባል።

ይህን ስል ኢፍል ታወር ሥር ተኚ ማለቴ አይደለም። ፓሪስ 20 ወረዳዎች አሏት። ቁጥራቸው ከመሃል ተነስቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ ወደ ውጭ ይሄዳል። የሆቴሉን የፖስታ ቁጥር እዪ። በ75 ከጀመረ ፓሪስ ውስጥ ነሽ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ወረዳውን ይነግሩሻል። 75004 ማለት 4ኛ ወረዳ፣ 75012 ማለት 12ኛ ወረዳ ነው። በ92፣ በ93 ወይም በ94 ከጀመረ ግን የሆቴሉ ስም «ፓሪስ» ቢልም ከከተማው ክልል ውጭ ነው።

እኔ ብሆን ናሲዮን የሚባለው ጣቢያ አካባቢ እፈልጋለሁ። ከቱሪስቱ ግርግር ራቅ ያለ ነው፤ አራት የሜትሮ መስመሮችም ይገናኙበታል። መስመር 1 በባስቲይ በኩል አድርጎ ሉቭር ሙዚየምና ሻንዜሊዜ ጎዳና ያደርስሻል። መስመር 6 ኢፍል ታወር አቅራቢያ ያወርድሻል፤ የሴይን ወንዝንም በድልድይ ላይ ስለሚሻገር መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች ላይ «ከመሃል ከተማ 2 ኪሎ ሜትር» የሚለውን አትመኚው። ብዙውን ጊዜ በቀጥታ መስመር የተለካ ነው፤ በመካከል ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም ዳገት መኖሩን አይነግርሽም። ካርታ ክፈቺ። መነሻውን ሆቴሉን፣ መድረሻውን መጀመሪያ ማየት የምትፈልጊውን ቦታ አድርጊ። በሕዝብ ትራንስፖርት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ስንት እንደሚፈጅ ለየብቻ እዪ። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ኢስታንቡል ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ሱልጣንአህመት የሚባለው ሰፈር ይሻላል ወይስ ታክሲም የሚባለው? አውሮፕላኔ የሚያርፈው ሳቢሃ ጎክቸን ላይ ነው።

መልስ፦ የአየር ማረፊያውን ስም መጥቀስህ ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኢስታንቡል ሁለት ትልልቅ አየር ማረፊያዎች አሏት። አዲሱ በአውሮፓው በኩል ነው። ያንተው ሳቢሃ ጎክቸን በእስያው በኩል ነው። ልታያቸው የምትፈልጋቸው ቦታዎች ደግሞ አብዛኞቹ አውሮፓው ጋ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ወገን የሚለየውን የቦስፎረስ ባሕር መሻገር አለብህ፤ የድልድዩ ላይ ትራፊክ ደግሞ አያድርስ ነው።

ሱልጣንአህመት ካረፍክ አያ ሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድና ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በእግርህ ናቸው። ማታ ግን ሰፈሩ ቶሎ ይተኛል። ታክሲም ተቃራኒው ነው፤ እስከ ሌሊት ሕይወት አለው፣ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ግን ይከብዳል። ላንተ የምመክርህ ሲርኬጂ የሚባለውን ሰፈር ነው። አያ ሶፊያ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ቲ1 የተባለው ትራም በደጁ ያልፋል። ከሁሉም በላይ በባሕሩ ሥር የሚሻገረው የማርማራይ ባቡር ጣቢያ እዚያው አለ። አይሪሊክ ቸሽመሲ የሚባለው ጣቢያ ላይ ወርደህ ኤም4 ሜትሮን ብትይዝ ሳቢሃ ጎክቸን ድረስ ይወስድሃል። መኪና ውስጥ ተቀምጠህ በረራ አመለጠኝ ብለህ አትጨነቅም።

አንደኛውን ሌሊት እዚህ፣ ሁለተኛውን እዚያ ልደር የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ተወው። ሆቴል መቀየር ግማሽ ቀን ይበላል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ቬኒስ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። ልጆቻችን «ሜስትሬ ረፉ፣ ይቀላችኋል» ይሉናል። ጉልበታችን እንደ ድሮው አይደለም።

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎ እውነት አላቸው። ሜስትሬ በየብሱ በኩል ስለሆነ መኪና ደጃፍ ድረስ ያደርስዎታል፤ ሊፍት ያለው ሆቴል ማግኘትም አያስቸግርም። ዋናው ቬኒስ ወዳለባት ደሴት በባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ደሴቷ ላይ ግን መኪና የለም። ታክሲው ፒያሳሌ ሮማ የሚባለው አደባባይ ላይ ያወርድዎታል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ወይም ጀልባ ነው። ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፣ አብዛኞቹም ባለ ደረጃ ናቸው። ሻንጣ አንጠልጥሎ አንድ ደረጃ መውጣት፣ መውረድ፣ ከሃምሳ ሜትር በኋላ ደግሞ ሌላ። ጎልማሳውንም ያደክማል።

ይህም ሆኖ ለሁለት ሌሊት ከሆነ ልቤ ወደ ደሴቷ ያደላል። ቀን ቀን ሕዝቡ ይጋፋል። ማታ የቀን ጎብኚው ሲወጣ ቬኒስ ረጭ ትላለች፤ እርስዎና ባለቤትዎ ሊያዩአት የሚገባው ያኔ ነው። ስለዚህ ከመያዝዎ በፊት ለሆቴሉ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ቫፖሬቶ ከሚባለው የሕዝብ ጀልባ ማቆሚያ እስከ በራችሁ ስንት ድልድይ እንሻገራለን? ሊፍት አላችሁ? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ድልድይ የለም፣ ሊፍት አለ ካሉዎት ሳያቅማሙ ይያዙ። ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጡ ልጆችዎን ይስሙ። ፎቁንም ሲጠይቁ ያስተውሉ፤ በአውሮፓ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ነው። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም» ካሉ ሦስት ዙር ደረጃ መውጣት ነው።

ጥያቄ፦ ከሦስት ልጆች ጋር አምስት ነን። ሁለት የሆቴል ክፍል ከምንይዝ አንድ አፓርታማ አይሻልም?

መልስ፦ ለሳምንት ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ አፓርታማ እል ነበር። ለሁለት ሌሊት ግን መጀመሪያ አስሉት። የጽዳት ክፍያው ብዙ ጊዜ አንድ ቀንም አደራችሁ አሥር ቀን ያው ነው፤ ለሁለት ሌሊት ሲካፈል ይከብዳል። ሁለተኛው ጣጣ ሻንጣ ነው። ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ውጡ ትባላላችሁ፣ በረራችሁ ማታ ነው። ሆቴል ቢሆን ሪሴፕሽን ላይ አስቀምጣችሁ ትዞራላችሁ። ቁልፉን ከበሩ ሳጥን የምታወጡበት አፓርታማ ግን ሻንጣ የሚቀበል ሰው የለውም። ከሦስት ልጆችና ከአራት ሻንጣ ጋር ሙዚየም አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሕጉን እዩ። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ቤት የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ እንግዶቹ ባሉበት ጊዜም እዚያው ቤት ውስጥ እንዲኖር ታስገድዳለች፤ እንግዶቹም ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። አምስት ሆናችሁ ሙሉ አፓርታማ ለሁለት ሌሊት የሚሰጣችሁ ካገኛችሁ፣ መጠራጠር ነው። ባርሴሎናም የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እስከ ኖቬምበር 2028 ለማስቀረት ወስናለች። ፈቃድ የሚጠየቅበት ከተማ ከሆነ ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ መኖሩን ተመልከቱ። ቤት በሚከራይበት ድረ ገጽ በኤርቢኤንቢ ላይ ትክክለኛው አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከያዛችሁ በኋላ ነው፤ በፊት የምታዩት ግምታዊ ቦታ ነው። የቅርቡ ጣቢያ የቱ እንደሆነና በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ባለቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኔ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያርፋል። ሆቴሉን ከስንት ልያዝ?

መልስ፦ ከ11ኛው ቀን። 12 የገባው ገና እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የምታድርበት ሌሊት የሚቆጠረው የ11 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትኬቱ 12 ስለሚል ሆቴሉንም ከ12 ይይዛሉ። የዚያ ቀን ክፍል ግን የሚሰጠው ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሌሊቱን ሎቢ ላይ ታነጋለህ። በ11 ስትይዝም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደምትደርስ ጻፍላቸው፤ አለዚያ ቀረ ብለው ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ። ምን ልይ?

መልስ፦ ሦስት ነገር። ሪሴፕሽኑ 24 ሰዓት ሰው ይኑረው። ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ ያለውን መንገድ በካርታው የጎዳና ፎቶ ላይ ተራመጂበት፤ ሱቅና መብራት ያለው ነው ወይስ ጭር ያለ ግድግዳ? ብዙ እንግዳ አንድ ክፍል የሚጋራበት ሆስቴል ከሆነ የሴቶች ብቻ ክፍል እንዳለው ጠይቂ፣ ብዙዎቹ አላቸው።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ላይ ሁሉም ሆቴል 8 እና 9 ነጥብ አለው። በምን ልለይ?

መልስ፦ ነጥቡን እለፈውና አስተያየቱን አንብብ። በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል አድርገው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተመሰገነ ሆቴል ዛሬ ባለቤቱ ተቀይሮ ይሆናል። ከዚያ መፈለጊያው ላይ «ጫጫታ»፣ «ደረጃ»፣ «ሙቅ ውሃ»፣ «መስኮት» እያልክ ፈልግ። አንድ ሰው ስለ ጫጫታ ቢያማርር የዚያ ሌሊት ዕድሉ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ወር አምስት ሰው ያንኑ ከጻፈ ግን እውነት ነው። ፎቶም ቢሆን እንግዶች ያነሱትን እይ። መስኮት ፎቶው ላይ ከሌለ ክፍሉም ላይ ላይኖር ይችላል፤ ለንደን ውስጥ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ብርቅ አይደለም።

ዋጋውንም እስከ ታች አንብብ። ሮምን በመሰሉ ከተሞች የቱሪስት ግብር በሰው በሌሊት ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሆቴሉ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ካየኸው ዋጋ ውስጥ የለም። ካመነታህ ደግሞ በነጻ የሚሰረዘውን ያዝ። የመሰረዣው ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በሆቴሉ አገር ሰዓት ስለሆነ ግን የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቅ፤ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ወስን።