የአንድ ዝናብ ሁለት መልስ

[በማያ ገጹ ላይ አራት ቁጥሮች፦ 10፣ 20፣ 30፣ 40]

እነዚህ አራት ቁጥሮች በአራት ቀናት የዘነበ ዝናብ ናቸው እንበል፤ በሚሊ ሜትር። አማካያቸው 25 ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ቀጥለን ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ እንጠይቅ። በስታቲስቲክስ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ይህ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራው ናምፓይ የተባለ ጥቅል 11.18 ብሎ ይመልሳል። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ 12.91 ይላል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ ጥያቄውም ያው ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ሆነ።

ጥያቄው የተነሣው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምንገናኝበት ስብስብ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ በአር፣ እኔ በፓይተን የአንድን ክረምት ዝናብ አስልተን ላፕቶፖቻችንን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ድምሩ ተስማማ፤ አማካዩም ተስማማ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን ተለያየ። ከኋላችን ቆሞ ያይ የነበረ ወጣት «አንዱ ተሳስቷል» አለ። በእርግጥ የተሳሳተ አልነበረም።

[በማያ ገጹ ላይ፦ የስሌቱ ደረጃዎች አንድ በአንድ]

ስሌቱን በእጅ እንሥራው። እያንዳንዱ ቁጥር ከ25 ያለው ርቀት በራሱ ሲባዛ 225፣ 25፣ 25 እና 225 ይሆናል። ድምሩ 500 ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ፕሮግራሞች አብረው ይጓዛሉ። ከዚህ በኋላ ናምፓይ 500ን ለ4 ያካፍላል፤ አር ግን ለ3። የውጤቱ ስኩዌር ሩት ሲወሰድ አንዱ 11.18፣ ሌላው 12.91 ይሆናል።

ቁጥሮቹ አራት ሆነው ሳለ ለ3 ማካፈል ለምን አስፈለገ? አራቱ ቀናት ከረጅም ክረምት የተወሰዱ ናሙናዎች ከሆኑ፣ አማካዩም የወጣው ከእነዚሁ ከአራቱ ስለሆነ፣ ርቀታቸው ከእውነተኛው አንሶ ይገኛል። አንድ ቀንሶ ማካፈል ይህን ጉድለት ያካክሳል። ማወቅ የምንፈልገው ስለ አራቱ ቀናት ብቻ ከሆነ ግን ለ4 ማካፈል ትክክል ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች በትክክል ሠርተዋል፤ የተለያዩት ተጠቃሚው ምንም ሳይነግራቸው በሚወስዱት ምርጫ ነው። በናምፓይ ውስጥ ከማካፈያው ስንት እንደሚቀነስ የሚወስነው፣ ዲዲኦፍ የሚባለው ቁጥር 1 ቢደረግ 12.91 ይወጣል። በናምፓይ ላይ የተገነባው፣ ሰንጠረዥ የሚያሰላው ፓንዳስ የተባለ ጥቅል እንኳ ሳይጠየቅ የሚያካፍለው አንድ ቀንሶ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከውስጥ አይተን ነው። አር ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚያሰላውን ኤስዲ የሚለውን ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ብትጽፉ የራሱን ኮድ አውጥቶ ያሳያችኋል። የናምፓዩም ክፍል በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ፓይተን የጀመረ ተማሪ መስመር በመስመር ሊከተለው ይችላል። በዚያ ቅዳሜ ያደረግነው ይኸው ነበር፤ የናምፓዩን ኮድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳይተን ማካፈያው የተጻፈበትን መስመር አብረን ፈለግን።

ከቴክኖሎጂ ሥራዬ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ጊዜ ነው። ሳይንሳዊ ስሌት እንዴት እንደተሠራ ማየት ካልተቻለ የሚቀረው ማመን ብቻ ነው። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ሰብል፣ ስለ ውኃ የሚወሰን ነገር ደግሞ በማመን ብቻ ሊቆም አይገባውም።

[በማያ ገጹ ላይ፦ አራቱ መብቶች]

ማየት የተቻለው ሁለቱም ነጻ ሶፍትዌር ስለሆኑ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ ወዲህ በእንቅስቃሴው የጸኑት መብቶች አራት ናቸው፦ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ ኮዱን አጥንቶ መለወጥ፣ እንዳለ አባዝቶ ለሌላ መስጠት፣ የለወጡትንም ማሰራጨት። አርን ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት። ናምፓይን ትራቪስ ኦሊፋንት ቀድመው ከነበሩ ሁለት ጥቅሎች አዋሕዶ ሠራው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ሲዘጋጅም ከመሣሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ያለው ላፕቶፕና የእነዚያ ሳይንቲስቶች ኮምፒውተር አንድ ኮድ ይጋራሉ ማለት ነው።

ከአራቱ መብቶች በእኛ ሰፈር በየሳምንቱ ሥራ ላይ የሚውለው ሦስተኛው ነው፤ አባዝቶ መስጠት። የኢንተርኔት ጥቅል ለተማሪ ውድ ነው፤ መብራትም በሥራ መካከል ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ ሆኖ ፒፕ ዳውንሎድ በሚለው ትእዛዝ የፓይተን ጥቅሎቹን፣ እነርሱ ከሚፈልጓቸው ሌሎች ጥቅሎች ጋር ያወርዳል፤ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቻችን ያለ ኢንተርኔት ከፍላሹ እንጭናለን። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የወረደው ጥቅል ከፓይተኑ ስሪትና ከኮምፒውተሩ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት፤ ለዊንዶውስ የወረደ ናምፓይ በሊኑክስ ላይ አይጫንም። ይህ ሁሉ ቅጂ በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ማንም ከማንም አይደበቅም።

ቀኑን ቅዳሜ፣ ሰዓቱን ከምሳ በኋላ ያደረግነውም በምክንያት ነው። የከተማው የቴክኖሎጂ ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ ቦሌ አካባቢ፣ ወደ ምሽት ይካሄዳሉ። ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ ሰው ጥያቄና መልሱ ሳይጀመር ታክሲ ፍለጋ መውጣት ይኖርበታል፤ ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ይብሳል። ከአንድ ዝግጅት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ሰው በሚኖርበት አካባቢ፣ በቀን ብርሃን መሰብሰብ ከማንኛውም አዳራሽ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

[በማያ ገጹ ላይ፦ የዝናብ መለኪያና በእጅ የተሞላ ደብተር]

ቦታው ቅርብ በመሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በእግራቸው መጡ። በግቢያቸው የዝናብ መለኪያ አላቸው፤ በየጠዋቱ አንብበው በደብተር ይመዘግባሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ሃያ ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ሃምሳ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሺህ ሊትር ይወርዳል። መምህሩ ሊያነጻጽሩ የፈለጉት ቺርፕስ ከተባለው፣ ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች ተቀናብሮ ለማንም ክፍት ከሆነው መረጃ ጋር ነበር። ቺርፕስ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ ይዟል፤ ምድሩን ከሚከፋፍልባቸው ሳጥኖች አንዱ ግን በየጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ አንዱ ሰፈር ተጥለቅልቆ ሌላው ደረቅ ሊሆን ስለሚችል የመምህሩን ደብተር የሚተካ ነገር የለም።

ችግሩ ዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ደብተሩ ሐምሌ ይላል፤ የሳተላይቱ መረጃ ጁላይ ይላል። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው፤ ሁለቱ ወራት የሚጋሩት 24 ቀን ብቻ ነው። ፓንዳስ በወር አጠቃልል ቢባል በጎርጎርዮሳዊው ወር ያጠቃልላል እንጂ ጳጉሜን አያውቅም።

መፍትሔው አስደሳች ነው፤ ምክንያቱም የእኛ አቆጣጠር ለስሌት ቀና ነው። ያለፉትን ዓመታት በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን በመተው በየዘመነ ሉቃሱ የተጨመረችውን ቀን መደመር፤ ያለፉትን ወራት በ30 ማባዛት፤ በመጨረሻም የወሩን ቀን መጨመር። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ቀን አንድ ተራ ቁጥር ያገኛል፤ የሳተላይቱም ቀን ከዚያው መነሻ ተቆጥሮ ወደ ተራ ቁጥር ይለወጣል፤ ከዚያ ማጣመር ብቻ ይቀራል። ኮዱን ከተማሪዎቹ ጋር ጻፍነው፤ ጂፒኤል በተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድም አወጣነው፤ አሻሽሎ የሚያሰራጨው ሰው መብቱን ለተቀባዩ እንዲያስተላልፍ።

የረዘመው ክርክር ስለ ጳጉሜን ነበር። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት ለብቻዋ ወር ብትደረግ ድምሯ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም፤ ከነሐሴ ጋር ብትቀላቀል ደግሞ ነሐሴ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። ተማሪዋ መቀላቀሏን ደገፈች። መምህሩ ግን «ደብተሬ ላይ ለብቻዋ ናት፤ ለብቻዋ ትቁም» አሉ። ሁለቱንም አስገባን፤ ፕሮግራሙም ሳይነገረው እንዳይመርጥ አደረግን። ተጠቃሚው ጳጉሜንን እንዴት እንደሚፈልጋት ካልገለጸ ስሌቱ አይጀምርም፤ ከገለጸ ደግሞ ምርጫው ከውጤቱ ሰንጠረዥ ሥር አብሮ ይታተማል። የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ማካፈያ የቀናቱ ሙሉ ብዛት ይሁን ወይስ አንድ ተቀንሶ የሚለውም እንዲሁ።