ልጆቻችንን ወደ ካምፕ ከመውሰዳችን በፊት

በለንደን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና የወጣት አስተባባሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት መምህራን፣ የወጣቶች አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም ከሥራ መልስ ድካማችሁን ችላችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ በሙሉ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪ ኮሚቴው እንድናገር የጋበዘኝ በመጪው የነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቻችንን ለጥቂት ቀናት ካምፕ የማሳደር ሐሳብ ስለቀረበ ነው። ሐሳቡን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የተላከልኝ ረቂቅ ዕቅድም በብዙ ነገር የታሰበበት ነው፤ የአውቶቡሱ ኪራይ፣ የድንኳኑ ብዛት፣ የስሊፒንግ ባጉ ዓይነት፣ ሌላው ቀርቶ ቀኑ በፍልሰታ ጾም ላይ ስለሚውል ለሚጾሙት ልጆች ምን እንደሚበስል፣ ለሙስሊም ልጆች ሥጋው ከየት እንደሚገዛ ተጽፎበታል። ልጆቹን ይዘው ስለሚያድሩት ሰዎች ግን «ፈቃደኛ ወላጆች ይገኛሉ» ከሚል አንድ መስመር በቀር ያገኘሁበት ነገር የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያው አንድ መስመር ነው።

ይህን ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት አንሥተው የተጨነቁበት ሰዎች ነበሩ፤ መልስ የሰጡበትም ቦታ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከለንደኑ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ የመስመሩ መጨረሻ ቺንግፎርድ ላይ የወረደ ሰው ኤፒንግ ደንን ያገኘዋል፤ በ1878 በወጣ ሕግ ለሕዝብ መንሸራሸሪያነት የተጠበቀ ጥንታዊ ደን ነው። ጊልዌል ፓርክ የሚባለው፣ ስካውት የተሰኘው ልጆችን በካምፕ ኑሮ የሚያንጽ የወጣቶች እንቅስቃሴ የካምፕ ሥፍራና የመሪዎች ማሠልጠኛ የሚገኘው በዚሁ ደን ዳርቻ ነው። የታሪኩን ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የቦታው ያለፈ ታሪክ ብዙም የሚያኮራ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለቤቱ የነበረው ዊልያም ቺነሪ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሹም ሆኖ ሳለ ገንዘብ ማጉደሉ በ1812 ተደረሰበትና ሹመቱንም ርስቱንም አጣ። ከዚያ በኋላ ግቢው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ጊዜ ቤቱ ፈራርሶ፣ ቅጥሩ ዳዋ ለብሶ ነበር። በዚያው ጊዜ የስካውት ኮሚሽነር የነበረ ዊልያም ማክላረን የሚባል ስኮትላንዳዊ ባለሀብት፣ የምሥራቅ ለንደን ድሃ ልጆች ድንኳን የሚተክሉበት መሬት አጥተው ሲቸገሩ ተመልክቶ፣ ቦታውን በ7,000 ፓውንድ ገዝቶ ለእንቅስቃሴው ሰጠ፤ ለማደሻም 3,000 ጨመረበት። በ1919 በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ግቢውን ለመመንጠር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች መሬቱ ጨቅይቶ ድንኳን መትከል ስላልቻሉ በአንድ አሮጌ የአትክልተኛ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው አደሩ። ጎጆውን «የአሳማ ጋጥ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ለእኛ ጆሮ ባይጥምም እነሱ እስከ ዛሬ በኩራት ይጠሩታል፤ ጎጆውም አልፈረሰም።

ማክላረን ያሰበው ለልጆች መዋያ ነበር። የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ሮበርት ባደን ፓወል ግን ከስጦታው ጎን ሌላ ጥያቄ አቀረበ፤ ይኸውም ቦታው ልጆቹን የሚመሩ ሰዎች የሚሠለጥኑበትም እንዲሆን ነው። ምክንያት ነበረው። እንቅስቃሴው በ1907 በደቡብ እንግሊዝ ባለችው በብራውንሲ ደሴት ሃያ በሚሆኑ ልጆች ሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከማንም ግምት በላይ ሰፍቶ ነበር፤ መሪዎቹ ግን የተገኙት እንደ እኛው ረቂቅ «ፈቃደኛ» በመባል ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ጦርነቱ ብዙዎቹን ወስዶ አስቀርቷቸዋል። በየሠፈሩ ልጆች አሉ፤ ፉጨትና ኮፍያ አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ጊልዌል ሐምሌ 26 ቀን 1919 ተመርቆ ገና ስድስት ሳምንት እንደሞላው፣ መስከረም 8 ቀን 19 ጎልማሶች ለመጀመሪያው የመሪዎች ሥልጠና እዚያው ሰፈሩ። አሠልጣኛቸው ፍራንሲስ ጊድኒ ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምናገረው ነገር ሁሉ ያረፈው በዚህ ነውና። ሥልጠና ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን አዳራሽ፣ ወንበር፣ ሰሌዳና የሻይ ዕረፍት ነው። የጊልዌል ሰዎች ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር። ከብራውንሲ ጀምሮ ባደን ፓወል ልጆቹን የሚያደራጀው ፓትሮል በሚሉት ጥቂት ልጆች በሚይዝ አነስተኛ ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ ፓትሮል የእንስሳ ወይም የወፍ ስምና ከልጆቹ መካከል የተመረጠ አለቃ አለው። በጊልዌል የሠለጠኑት ጎልማሶችም በዚሁ መልክ ተከፋፈሉ። መኮንንም ይሁን ሐኪም፣ መምህርም ይሁን ቄስ፣ በካምፑ ውስጥ የአንድ ፓትሮል ተራ አባል ነው። ካስማውን ራሱ ይመታል፣ ጭራሮውን ራሱ ይለቅማል፣ እሳቱ በእርጥብ እንጨት ምክንያት አልያዝ ሲል ራሱ እየተንበረከከ እፍ ይላል፣ ያቃጠለውንም ገንፎ ራሱ ይበላል። የአለቃነቱ ተራ በየቀኑ ይዞራል፤ ዛሬ ያዘዘ ነገ ታዛዥ ነው። ጠዋት ጠዋት አሠልጣኞቹ በየድንኳኑ እየዞሩ ብርድ ልብሱ ተራግፎ መሰጣቱን፣ ድስቱ መታጠቡን፣ ገመዱ መወጠሩን ያያሉ።

ዓላማው ጎልማሶቹን እሳት ማንደድ ማስተማር ብቻ አልነበረም። ትልቅ ሰው የትንሹን ቦታ ይዞ እንዲቀምሰው ነው። በዝናብ የራሰ ካልሲ አድርጎ ያደረ ሰው፣ የአሥር ዓመት ልጅ በሌሊት ለምን እንደሚያለቅስ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ከጓደኞቹ ፊት የተቆጡት ሰው፣ ሕፃንን በሰው ፊት ማሳፈር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ይህ ደግሞ በንባብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሥልጠናው ግን በካምፑ ኑሮ አያበቃም ነበር። በጽሑፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች ነበሩበት፤ ካምፑ ካለቀ በኋላም ሠልጣኙ ወደ ሠፈሩ ተመልሶ የተማረውን ከልጆቹ ጋር ለወራት ሲሠራበት ታይቶ ነው ምልክቱ የሚሰጠው። ምልክቱ በእንግሊዝኛ «ውድ ባጅ»፣ የእንጨት ምልክት ማለት ነው፣ ይባላል፤ በቆዳ ማሰሪያ የተሰኩ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ዶቃዎች ናቸው። አብሮት የሚለበሰው የአንገት ስካርፍም ጫፉ ላይ ለማክላረን ውለታ መታሰቢያ የጎሣው የስኮትላንድ ጨርቅ ቁራጭ የተሰፋበት ነው።

ስለ ዶቃዎቹ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች የተወሰዱት፣ ባደን ፓወል በ1888 በደቡባዊ አፍሪካ በዙሉላንድ ዘመቻ ላይ ሳለ ካገኘው፣ የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉ ነው ከሚባል ረጅም የአንገት ጌጥ ላይ ነው። እንዴት እጁ እንደገባ የሚተረከው ከአንዱ ተራኪ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በቅኝ ግዛት ጦርነት መካከል የተገኘ መሆኑ ግን አያከራክርም። እኛ የመቅደላን ቅርስ ይመለስ እያልን የምንጮህ ሕዝብ ነንና ይህን አይተን እንዳላየን ልናልፈው አንችልም። ቢሆንም የማሠልጠኛውን ዘዴ ለመጣል ምክንያት አይሆነኝም፤ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ከእኛው ከወላጆቻቸው ይስሙት ባይ ነኝ።

ጊልዌል ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቷል። ባደን ፓወል በ1929 የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው የመረጠው መጠሪያ «የጊልዌል» የሚል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦታውን መንግሥት ለጦር ሥራ ወሰደው፤ ያኔ የወደቀ ቦምብ የቆፈረው ጉድጓድ ዛሬ ውኃ ሞልቶት ልጆች በታንኳ የሚቀዝፉበት ኩሬ ሆኗል። ከተለያዩ አገሮች የመጡ አሠልጣኞች እዚያ ሠልጥነው ዘዴውን ወደየአገራቸው ወስደዋል። በእኛም አገር በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ቦይ ስካውት እንደነበረ ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁት ታስታውሳላችሁ፤ በዓል ሲሆን ሰልፍ ሲያስከብሩ ያያችኋቸው ልጆች እነሱ ናቸው።

ዛሬ በዚህ አገር የስካውት መሪዎች ሥልጠና ከቀድሞው ተለውጧል፤ አብዛኛው ክፍል በየቤቱ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። ለእኛ ይህ ጥቅም አለው፤ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት ወይም ታክሲ የሚነዳ አባት ሳምንት ሙሉ ፈቃድ ወስዶ ድንኳን ውስጥ ሊያድር አይችልምና። ሆኖም በድንኳን የሚገኘውን ኮምፒዩተር እንደማይተካው አምናለሁ፤ ወደ መጨረሻው የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የመጣ ነው።

በሕጉ በኩል ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በስካውት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ ትልቅ ሰው አስቀድሞ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል። ኪሱ ውስጥ ቢጫ ካርድ ይይዛል፤ እንደ እግር ኳሱ ለማስጠንቀቂያ የሚመዘዝ ሳይሆን፣ ከልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆንና ልጅ ምስጢር ቢነግረው ለማን ማሳወቅ እንዳለበት የሚያሳስበው የመመሪያ ካርድ ነው። ልጆችን ይዞ ውጭ ለማደር ደግሞ ራሱን የቻለ የማደር ፈቃድ አለ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ሰውዬው ዕቅድ ማውጣት፣ ምግብ በንጽሕና ማዘጋጀት፣ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ መወሰን መቻሉ ተመዝኖ ነው። «እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ደግሞ ምን ልመዘን» የምትል እህት እንደምትኖር ይገባኛል። የራስን ልጅ ማሳደግና የሃያ ሰው ልጅ ይዞ በጨለማ ደን ዳር ማደር ግን አንድ አይደለም፤ የሰው ልጅ አደራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በእኛ ዘንድ ያለው አመራር ነው። ልጆቻችንን ስንሰበስብ እኛ እንናገራለን፣ እነሱ ይቀመጣሉ። ሽርሽር ስንሄድ ምግቡን እናቶች ይሸከማሉ፣ አባቶች ያዛሉ፣ የ14 ዓመት ጎረምሳ ስልኩን እያየ ሳህን እስኪቀርብለት ይጠብቃል። ይህ ባህላችን ነው እንዳትሉኝ። በገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዘጠኝ ዓመት እረኛ የቤተሰቡን ሀብት በሙሉ ነድቶ ይወጣል፤ እረኞቹ የራሳቸው አለቃ አላቸው፣ ከብት የሚመልሰውን በተራ ይመድባሉ፣ ያጠፋውን ይቀጣሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ፤ ትልቅ ሰው የሚመጣው ጅብ ሲመጣ ብቻ ነው። ባደን ፓወል ፓትሮል ብሎ ያደራጀውን ነገር አያቶቻችን መስክ ላይ ይኖሩበት ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ለንደን ስንመጣ ፍርሃታችን በዛና ልጆቹን ከቢላዋም፣ ከእሳትም፣ ከውሳኔም አራቅናቸው። የሠለጠነ መሪ የሚያስፈልገን ልጆቹን አጥብቆ እንዲይዝልን ብቻ ከሆነ ገንዘባችንን አናባክን፤ መቼ ለልጁ መልቀቅ እንዳለበትና መቼ ጣልቃ መግባት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገን።

አንዳንዶቻችሁ ስለ እምነት እንደምትጠይቁ እገምታለሁ። በዚህ አገር የስካውት ቃል ኪዳን ለተለያዩ እምነቶች የሚስማሙ አማራጭ አነጋገሮች አሉት፤ ሴት ልጆችም ከወንዶቹ ጋር እኩል ይሳተፋሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጃችን የሚገባበት በር አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ለኮሚቴው የማቀርበው የሚከተለው ነው። በዚህ ነሐሴ ልጆቹን አናሳድር፤ የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ኤፒንግ ደን ይበቃል፤ ጠዋት ሄደን ማታ እንመለስ። ለአውቶቡሱና ለድንኳኑ ከታሰበው ገንዘብ የሚተርፈው ከመካከላችን ለሚመረጡ ሦስት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ይዋል፤ በየሚኖሩበት ሠፈር ካለው የስካውት ቡድን ጋር በጎ ፈቃደኛ ሆነው ይመዝገቡ፣ መዝገባቸው ይጣራ፣ ሥልጠናውን ይጀምሩ፣ የማደር ፈቃዱንም ለማግኘት ይሥሩ። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ከ25 ዓመት በታች የሆኑ፣ እዚህ አድገው አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚችሉ ቢሆኑ እወዳለሁ፤ ልጆቹ የሚሰሟቸው እነሱን ነው። መስከረም ላይ ደግሞ እኛ ትልልቆቹ ያለ ልጅ አንድ ሌሊት በድንኳን እንደር። ኮሚቴው በጊልዌል ቦታ ለመያዝ ይጠይቅ፣ ካልተገኘ ሌላ የካምፕ ሥፍራ ይፈለግ። በፓትሮል ተከፋፍለን፣ ራሳችን አብስለን፣ በተራ እየታዘዝን እንደር፤ ሊቀመንበራችንም ድስት ከማጠብ ነፃ አይደሉም። የልጆቹ ካምፕ በሚቀጥለው ዓመት ይሁን።

አንድ ዓመት መዘግየቱ ልጆቹን እንደሚያስከፋ አውቃለሁ፤ ቃል ለገባችሁላቸው ወላጆችም ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት በሁለት ነገር ላይ እጅ አውጥታችሁ እንድትወስኑ እለምናለሁ፤ አንደኛው የነሐሴው ጉዞ የአንድ ቀን ብቻ እንዲሆን፣ ሁለተኛው የስድስቱ ሰዎች ምርጫ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሳይተላለፍ አሁኑኑ እንዲካሄድ ነው። ራሳችሁን ለመጠቆም የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ፤ እስከዚያው በሥልጠናው ላይ ያላችሁን ጥያቄ ልቀበል።